ቡኒ፣ ነጭ ወይስ ባለ ጉትያ? ዜብራ ፊንች ለሚገዙ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዜብራ ፊንቾቼን (በቤት የሚረቡ ትናንሽ ወፎች ናቸው) የገዛሁት «ሁለቱም ነጭ ናቸው» ተብዬ ነበር። ጫጩቶቻቸው ላባ ሲያወጡ ግን አንድም ነጭ የለም፤ ሁሉም ግራጫ። ተታለልኩ ብዬ ብዙ ተናደድኩ። ኋላ ሳጣራ ወንዱ እውነተኛ ነጭ ነው፤ ሴቷ ደግሞ ጎነ ቡኒ ነጭ የሚባለው ዓይነት ናት። ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ ቀለማቸው የሚመጣው ከተለያየ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ከሚወረስ የባሕርይ መለያ ነው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላው ልጆቹ የዱር ዘመዶቻቸውን ግራጫ ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ከማየቴ በፊት አወራረሱን እጠይቃለሁ።

ለጀማሪ የምመርጠው ቡኒውን ነው። በወፎች ዘንድ ነገሩ ከሰው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለት ተመሳሳይ የፆታ ክሮሞዞም (ጂኖችን የሚይዝ የሴል ክፍል)፣ ማለትም ሁለት ዜድ ያለው ወንዱ ሲሆን ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት። የቡኒነት ጂን የሚገኘው ዜድ ላይ ነው። ስለዚህ ግራጫ ወንድ ቡኒነትን ደብቆ ሊሸከም ይችላል፤ ሴት ግን ጂኑ ካላት ቡኒ ትሆናለች። «ግራጫ ናት፣ ግን ቡኒ ተሸካሚ ናት» ብሎ ሴት የሚሸጥልዎ ካለ አይግዙ፤ እንዲህ ያለች ሴት የለችም።

ቡኒ ወንድ ከግራጫ ሴት ጋር ሲጣመር ሴት ልጆች በሙሉ ቡኒ፣ ወንዶቹ በሙሉ መልካቸው ግራጫ የሆነ የቡኒ ተሸካሚ ይሆናሉ። ይህን ጥምረት የምወደው ለዚህ ነው፦ ጫጩቶቹ በ3 ሳምንት ገደማ ከጎጆ ሲወጡ ፆታቸው በላባቸው ይለያል፤ በሌላ ጥምረት ግን የወንዱ ብርቱካናማ ጉንጭ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነው፣ ሙሉ ላባቸውን የሚጨርሱትም በ3 ወር አካባቢ ነው። ጥምረቱን ቢገለብጡት፣ ማለትም ቡኒነትን ያልደበቀ ግራጫ ወንድ ለቡኒ ሴት ቢሰጡ፣ ጫጩቶቹ ሁሉ ግራጫ ናቸው። አንድ ቡኒ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው እንግዲህ ወንዱን ይውሰድ። ጎነ ቡኒ ነጭም የሚወረሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ነጭ ሌላ ነው። ከፆታ ጋር አልተያያዘም፤ ጫጩቱ ነጭ የሚሆነው ጂኑን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ብቻ ነው። ሁለት ነጮች ነጭ ብቻ ይወልዳሉ፤ ነጭና ተሸካሚ በአማካይ ግማሹን፣ ሁለት ተሸካሚዎች ደግሞ ሩቡን ነጭ ያወጣሉ። ተሸካሚው መልኩ ተራ ግራጫ ስለሆነ እዚህ ላይ ያለዎት የሻጩ ቃል ብቻ ነው፤ ወላጆቹን ያሳየኝ ይበሉ። ሴት ስትገዙ ደግሞ ከዓይኗ ሥር ደብዛዛ የእንባ መስመር፣ ጅራቷ ላይ የደበዘዘ ዥጉርጉር ካለ ነጭ ሳትሆን ጎነ ቡኒ ነጭ ናት። እኔ ይህን አላየሁም ነበር። የነጮችን ፆታ የሚለየው ምንቃራቸው ነው፤ የወንዱ ደማቅ ቀይ፣ የሴቷ ብርቱካናማ። የሚዘምረውም ወንዱ ብቻ ነው።

ቡራቡሬውም እንደ ነጩ በድብቅ ይወረሳል፣ ነጠብጣቡ የት እንደሚያርፍ ግን ማንም አያዝዘውም። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ወፎች የሚፈልግ ሰው አይግዛው።

ባለ ጉትያው ያምራል፣ ለማራባትም ቀላል ይመስላል፤ የበላይ ባሕርይ በመሆኑ አንድ ወላጅ ብቻ ጉትያ ቢኖረው ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል። ነገር ግን ሁለት ባለ ጉትያ በጥንድ የሚሸጥልዎ ካለ እምቢ ይበሉ። ጂኑን ከሁለቱም ወገን የወረሰ ጽንስ አይተርፍም፤ በአማካይ ከ4 እንቁላል አንዱ በከንቱ ይጠፋል። አንዱን ባለ ጉትያ ወስደው ጉትያ ከሌለው ጋር ያጣምሩት።