ሰርግ የምታስቀርፁ፣ ቀሪውን ብር ሳትለቁ ይህን አንብቡ

አሁን ከቪዲዮ ቤቱ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፊደል ብስት እለፉኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በጥር በቀን ሁለት ሰርግ የሚይዝ፣ ቀብድ ሲቀበል «እህቴ» የሚል፣ ቀሪው ከገባለት በኋላ ስልክ የማያነሳ። ኤዲቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን አያቴ ከመንዝ ድረስ መጥታ፣ ጉልበቷን ስሜ የመረቀችኝ ምርቃት ሶስት ሰከንድ ሆኗል። ያውም በስሎው ሞሽን፣ ዘፈን ተጭኖበት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ የለም። እሷ ደግሞ በደወለች ቁጥር «የመረቅኩሽን መቼ ነው የምታሳዪኝ?» ትለኛለች።

ኤዲት ያልተደረገውም ይሰጥሻል ተብዬ ባለ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ በራሴ ብር ገዝቼ ነበር። ቤት ስከፍተው አንድ ፎልደር ብቻ። የቪዲዮዎቹ ስም ሲ0001፣ ሲ0002 እያለ ይሄዳል። ሲ0014ን ስነካው የማላውቃት ሙሽራ በመልሷ ዳቦ ትቆርሳለች!

ዛሬ ሄጄ ኤዲተሩን «ይቺን ሶስት ሰከንድ ከየት ነው የቆረጥካት? እሷን ብቻ ክፈትልኝ» አልኩት። ቆሎውን እየቆረጠመ ኤዲት የሚያደርግበትን ፕሮግራም፣ ፕሪሚየርን፣ ከፈተ። እስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። «ሚዲያ ኦፍላይን»፣ ቪዲዮውን አላገኘሁትም ማለቱ ነው። ለካ ፕሮጀክቱ የቪዲዮዎቹን አድራሻ እንጂ ቪዲዮዎቹን አይዝም። የተቀረፀው በሁለት ካሜራ ነው፣ ሁለቱም ከሲ0001 ይጀምራሉ። ኤዲቱ ካለቀ በኋላ ቦታ ጠበበኝ ብሎ ሁሉንም፣ የሌላ ሰው ሰርግ ጨምሮ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገለብጥ ኮምፒውተሩ «ይህ ስም አለ፣ ልተካው?» ይለዋል። እሱም ተካው። አያቴ በሰው ዳቦ ተተካች።

ባለቤቱ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አያትሽ በሕይወት አሉ አይደል? እንደገና ይመርቁሻ! መጥተን በነፃ እንቀርፃለን» አለኝ። ኤዲተሩ ሳቀ። እኔም ጅሏ አብሬ ፈገግ አልኩ። እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። የሁለት ደቂቃ ማሳያ ብቻ አይቼ፣ እንባዬን እየጠረግኩ ቀሪውን 40 ሺህ ብር የላክሁትም እኔው ነኝ። ውላችን? የቴሌግራም የድምፅ መልእክት።

እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ካለቀው ቪዲዮ ላይ አንድ ቦታ ጠቁሙና «የዚህን ዋናውን ክፈትልኝ» በሉት። የየካሜራው ፎልደር ለየብቻ ካልሆነ ብሩን አትልቀቁ።

እኔ የቀረኝ የዚያን ቀን ስልኩን ደቅኖ የቆመ ዘመድ ሁሉ ጋ መደወል ነው።