ጀበና የሚጠብቅ፣ ውሃ ሲመጣ የሚያዜም፦ የአርዱዊኖ ጀማሪ ኪት

በመርካቶና በመገናኛ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች "አርዱዊኖ ጀማሪ ኪት" እየተባለ የሚሸጠው፣ ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና አብረውት የሚሠሩ ዕቃዎችን የያዘው የፕላስቲክ ሳጥን ሲያዩት ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት የተዘጋጀ ይመስላል። መመሪያውም አምፖል ከማብራትና ከማጥፋት ብዙ አያልፍም። ሳጥኑ ዋጋውን የሚመልሰው ግን ቤት ውስጥ ለጨዋታ ሲውል ነው፦ ቡና ሊገነፍል ሲል ባንዲራ የሚያነሳ ጀበና ጠባቂ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ውሃ ሲመጣ በትዝታ ቅኝት የሚያዜም ባልዲ። ሁለቱንም ከዚህ ኪት መሥራት ይቻላል፤ አንዳንድ ዕቃ ትታችሁ፣ ሁለት ዕቃ ጨምራችሁ፣ ጥቂት ቁጥሮችንም ለከፍታችንና ለመብራታችን እንዲስማሙ ቀይራችሁ።

የሳጥኑ ልብ ኡኖ አር3 የሚባለው የአርዱዊኖ ቦርድ (ሰሌዳ) ኮፒ ነው። የአርዱዊኖ ንድፍ በጣሊያኗ ኢቭሪያ ከተማ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ ኮፒ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም። አትሜጋ328ፒ ቺፑ፣ 14 ዲጂታልና 6 አናሎግ መሰኪያው ከዋናው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሲኤች340 የሚባለው ቺፕ ላይ ነው፤ ለእሱ የሚሆነውን ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ቀድማችሁ አውርዱ። ኮድ ስትጭኑ "ኖት ኢን ሲንክ" የሚል ስህተት ከመጣ ቦርዱ ተቃጠለ ብላችሁ አትደንግጡ። አንድም የተመረጠው ፖርት (ቦርዱ የተሰካበት የኮምፒውተር መስመር) የተሳሳተ ነው፣ አንድም 0 እና 1 ቁጥር መሰኪያ ላይ ሽቦ ተሰክቷል። ሁለቱ መሰኪያዎች ኮዱ የሚገባባቸው መንገዶች ስለሆኑ ባዶ ይሁኑ።

ወደ ጀበናው እንምጣ። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ዲኤችቲ11 የሙቀት ሴንሰር 50 ዲግሪ ላይ ያበቃል፤ ለእንፋሎት አይሆንም። ኤልኤም35 የተባለው ሌላው ሴንሰር ሙቀቱን ይችላል፣ ነገር ግን ራቁት እግሮቹ ላይ እንፋሎት ጠል ሲሠራ ንባቡ ይዘባርቃል። ስለዚህ በብረት ቱቦ የታሸገውን ዲኤስ18ቢ20 ሴንሰር ለብቻው ግዙ። የሚያስፈልገው 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ሳጥኑ ውስጥ ካልተገኘ፣ ሁለት 10 ኪሎኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ 5 ኪሎኦም ይሆናሉ፤ በቂ ነው። ያለ ሬዚስተሩ ወይም ሽቦው ሲላላ ስክሪኑ "-127" ያሳያል። ይህ የሙቀት ቁጥር አይደለም፣ "ሴንሰሩን አላገኘሁትም" ማለት ነው።

ሴንሰሩን ቡናው ውስጥ አትንከሩት፤ ሙጫውና ሽቦው ለሚጠጣ ነገር አልተሠሩም። ከልብስ መስቀያ ሽቦ ማቆሚያ ሥሩና ከጀበናው አፍ በላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል አንጠልጥሉት። ሽቦው ከላይ ይምጣ፣ በከሰሉ በኩል ካለፈ ይቀልጣል። ጀበናው ሳይፈላ በፊት አፉ ላይ ያለው አየር ለብ ያለ ነው፤ እንፋሎቱ ሲነሳ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ የምንጠብቀው ይህን ዝላይ ነው። የጀበና አንገት ጠባብ ስለሆነ ከመጀመሪያው እንፋሎት እስከ መገንፈል ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሴንሰሩ እንደመጣ በ12 ቢት (በጣም በረቀቀ ልኬት) ሲያነብ ለአንድ ንባብ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ወደ 9 ቢት ብታወርዱት ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ይጨርሳል። በግማሽ ዲግሪ መቁጠሩ ለቡና አያንስም።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ነው፦ ከውጭ የተቀዳ ኮድ "100 ዲግሪ ሲደርስ ጩኽ" ይላል። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለው ጠባቂ ቡናው ፈስሶ ከሰሉን እስኪያጠፋው ድረስ ዝም ይላል። በ2,400 ሜትር አካባቢ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ይላል። እንፋሎቱም ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል አፉ ላይ የሚነበበው ከዚያም ያነሰ ነው። በ70 ጀምሩና ባንዲራው ከዘገየ ቁጥሩን አውርዱ፣ ከቸኮለ ጨምሩ።

ባንዲራውን የሚያነሳው ኤስጂ90 የተባለው ባለ 9 ግራም ሰርቮ ሞተር ነው። ለወረቀት ባንዲራ ጉልበቱ ይተርፋል። ችግሩ ሲነሳ የሚጎትተው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከቦርዱ 5 ቮልት ላይ ስትሰኩት ባንዲራው ግማሽ መንገድ ላይ ይንቀጠቀጥና ቦርዱ ራሱን እንደ አዲስ ያስነሳል። በ5 ቮልትና በግራውንድ (በመቀነስ መስመሩ) መካከል 470 ወይም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) አስገቡ፤ የመቀነስ ምልክት ያለበት እግር ወደ ግራውንድ ነው። ካልበቃ ለሰርቮው የራሱን የ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ስጡትና የሁለቱን ግራውንድ አገናኙ። ግራውንዱ ሳይገናኝ ቀርቶ ሰርቮው እንደ ዕብድ ሲዞር "ዕቃው ብልሽት አለው" ብሎ ለሻጭ መመለስ የተለመደ ስህተት ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ዲኤስ18ቢ20 ኤሌክትሪክ እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ ከተጠየቀ፣ የሚመልሰው ቁጥር 85 ነው። ገደባችን 70 ስለሆነ፣ ጀበናው መደርደሪያ ላይ እያለ ባንዲራው ይነሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ንባቦች ጣሏቸው። ሰርቮውም ሲነሳ በራሱ ወደ 90 ዲግሪ ማዕዘን ስለሚሄድ፣ "አታች" ከሚለው ትዕዛዝ በፊት "ራይት 0" ጻፉ።

ባልዲው ቀለል ይላል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የዳር ሰፈሮች፣ የካ አባዶም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ይህ ከጀበናውም ይልቅ ይወደዳል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ክፍት ቧንቧ ሥር ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ ደግሞ አንድ ሊትር የሚይዝ ጆግ አስቀምጡ። የኪቱን የውሃ ሴንሰር ከጆጉ አፍ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፤ መስመር መስመር ያለው ጎን ወደ ውስጥ ይውረድ፣ ሽቦ የሚሰካበት ጫፍ ከጠርዙ በላይ ይቅር፣ ከፍንጣሪውም ራቅ ይበል። ጆጉ ሞልቶ ሴንሰሩን ሲነካ ድምፁ ይጀምራል፤ ትርፉ ውሃ ወደ ባልዲው ስለሚፈስ ከአልጋ ለመውረድ ጊዜ አላችሁ።

ይህን ሴንሰር በመመሪያው ሥዕል መሠረት ሁልጊዜ 5 ቮልት ላይ ካዋላችሁት፣ እርጥበት ባለበት ኤሌክትሪኩ መዳቡን ይበላዋል። መስመሮቹ መጀመሪያ ይጠቁራሉ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ በመጨረሻም ይቆረጣሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የሴንሰሩን ፕላስ ከ5 ቮልት ነቅላችሁ 7 ቁጥር መሰኪያ ላይ አድርጉት፤ በየ10 ሰከንዱ ለ10 ሚሊሰከንድ አብሩ፣ አንብቡ፣ አጥፉ።

ለዜማው ከኪቱ ሁለት በዘሮች (ትናንሽ ድምፅ ማሰሚያዎች) ሥሩ ክፍት ሆኖ አረንጓዴ ሰሌዳው የሚታየውን ምረጡ። ሥሩ በጥቁር የታሸገው አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው። የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ከዶ ሲጀመሩ 262፣ 294፣ 330፣ 392 እና 440 ኸርዝ ናቸው፤ ይህች ትንሽ በዘር ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ትደክማለች። ሁለት ኦክታቭ ከፍ አድርጉት፦ 1047፣ 1175፣ 1319፣ 1568፣ 1760። እያንዳንዱን 300 ሚሊሰከንድ ስትሰጡት ከሌላ ክፍል ይሰማል፣ ጆሮንም አያስቀይምም።

የ9 ቮልት ባትሪ ማያያዣውን ተዉት። ቦርዱ ብቻውን ወደ 50 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ 500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ አንድ ሌሊት በቅጡ አያደርስም። መብራት በጠፋበት ሌሊት ውሃ ቢመጣ ባልዲው እንዳይደነቁር ፓወር ባንክ ይሻላል፤ አንዳንዱ ግን ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲወሰድበት "ማንም የለም" ብሎ ራሱን ስለሚያጠፋ ቀን ላይ ለአንድ ሰዓት ሰክታችሁ ፈትኑት። የድምፅ ሴንሰሩም አይጠቅምም፤ የውሻ ጩኸትን ከቧንቧ ፉጨት አይለይም። ሪሌውን (በቦርዱ የሚታዘዘውን ማብሪያና ማጥፊያ) በተመለከተ ጠንከር ብለን እንናገራለን፦ የኪቱን ቀጫጭን ሽቦዎች 220 ቮልት ላይ አታገናኙ። ሪሌው ላይ የተጻፈው 10 አምፒር 2,200 ዋት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ ከዚያ በላይ ይጎትታል። ምጣድ በራሱ እንዲበራ ማድረግ የዚህ ሳጥን ሥራ አይደለም።

የሳጥኑ ምርጥ ዕቃ በእኛ ግምት ባለ 16 በ2 ስክሪኑ (በሁለት መስመር፣ በእያንዳንዱ 16 ፊደል የሚጽፈው) ነው። ባዶ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ብሎን በዊንዲቨር አዙሩ፤ አሁንም ካልጻፈ ኮዱ ላይ አድራሻውን ከ27 ወደ 3ኤፍ ቀይሩ። ፊደላችንን አያውቅም፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ 8 ምልክት በ5 በ8 ነጥብ እንድትስሉለት ይፈቅዳል። "ውሃ መጣ" 4 ፊደል ነው። "ቡናው ገነፈለ" 7 ፊደል ነው፤ ይገባል። ሁለቱ አብረው ግን "ው"ን ቢጋሩም 10 ስለሚሆኑ፣ የሚያስፈልገውን ዓረፍተ ነገር ፊደላት በየተራ መጫን አለባችሁ። ስትስሉ የ"ጣ"ን ሦስት እግሮች 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ ዓምድ ላይ አውርዱ፤ ሁለቱን ስድስተኛው ረድፍ ላይ አቁሙና የቀኙን ብቻ እስከ ስምንተኛው አስረዝሙት። አለበለዚያ "ውሃ መጠ" ብሎ ያነባል።