ሄሊዮስ 44-2 ሌንስን ስምንት ወር ከሰራሁበት በኋላ

አጎቴ ሶቭየት ህብረት ተምሮ ሲመለስ ያመጣት ዜኒት ካሜራ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር፣ ካሜራዋ አትሰራም ሌንሷ (ሄሊዮስ 44-2) ግን መስታወቱ ንጹህ ነው፣ የኤም 42 አዳፕተር (የድሮውን ሌንስ ከአዲስ ካሜራ ጋር የሚያገናኝ ቀለበት) ገዛሁና ፉል ፍሬም ሚረርለስ ካሜራዬ (ትልቅ ሴንሰር ያለው ዲጂታል ካሜራ) ላይ ገጠምኳት፣ ይኸው ስምንት ወር ፖርትሬት እያነሳሁባት ነው። 58 ሚሊሜትር ናት፣ አፐርቸሯ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) እስከ 2 ይከፈታል፣ አውቶፎከስ የላትም፣ ፎከሱን በእጅ ነው የምታስተካክሉት። ዲዛይኑ መሰረቱ የጀርመኖቹ ካርል ዛይስ ቢዮታር ነው፣ ሩሲያዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው የወሰዱት።

ሰው ሁሉ የሚያወራላት ከኋላ ያለው ብዥታ ክብ ሰርቶ ስለሚዞር ነው። ይዞራል፣ ግን ሁሌ አይደለም! የመጀመሪያውን ወር ሰው ግድግዳ ፊት እያቆምኩ ሳነሳ ምንም የተለየ ነገር አጥቼ ልተዋት ነበር፣ በኋላ እንጦጦ ባህር ዛፉ ውስጥ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እህቴን ሳነሳት ነው የገባኝ። ከኋላ ቅጠል መኖር አለበት፣ በቅጠሉ መሃል ደግሞ ብርሃን ሾልኮ መግባት አለበት። እኔ ከማነሳው ሰው ሁለት ሜትር ገደማ እርቃለሁ፣ ዛፎቹ ከሰውየው ኋላ አምስት ስድስት ሜትር ላይ ሲሆኑ ነው ደስ የሚለው፣ በጣም ከራቁ ዝም ብለው ይሟሟሉ።

ምክንያቱም እንዲህ ነው፣ ፎቶው መሃል ላይ የብርሃን ነጥብ ክብ ሆኖ ይወጣል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ግን የሌንሱ በርሜል ከፊሉን ስለሚከልለው እንደ ስንዴ ፍሬ ይሾላል፣ እነዚህ ፍሬዎች መሃሉን ከበው ስለሚደረደሩ ነው የሚዞር የሚመስለው። ስለዚህ ካሜራችሁ ኤፒኤስሲ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ) ከሆነ ጠርዙ ስለሚቆረጥ ዙሩ በጣም ይቀንስባችኋል። አፐርቸሩን 4 ላይ ስታደርጉትም ይጠፋል፣ ነጥቦቹም ስምንት ማዕዘን ያወጣሉ ምክንያቱም ቀዳዳውን የሚያጠቡ ስምንት ምላጭ (ስስ ብረቶች) ነው ያላት። እኔ 2 ላይ ነው የምተዋት፣ ቢበዛ 2.8።

አዳፕተር ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፣ የመጀመሪያው የገዛሁት እየላላ ፎከሴን ሲያበላሽብኝ ነበር። ጸሐይ ፊት ለፊት ከመታትም ፎቶው ይነጣል፣ በእጄ እከልላለሁ። ሰርግ ላይ ሙሽሮች ሲገቡ አላወጣትም፣ የሚንቀሳቀስ ሰው በእጅ ፎከስ ማድረግ ከባድ ነው፣ ቁጭ ብለው ሲያርፉ ግን ከቦርሳዬ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ናት።