የድሬዳዋ–ናጋድ ባቡር ለእህትማማች ክልል ሥራ ምን ያህል ይመቻል?

ከጅቡቲ ክልሎች ጋር በእህትማማችነት ለመተባበር አሥራ አምስት ሃያ ሰው የያዘ ልዑክ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ከተማ አጠገብ ወዳለው ናጋድ ጣቢያ ለመላክ ከባቡሩ የተሻለ ነገር የለም። ለሁለት ሰው አስቸኳይ ስብሰባ ግን አንመክረውም። ምክንያቱ ፍጥነቱ ሳይሆን ቀኑ ነው፤ የመንገደኛ ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም። መሄጃውንም መመለሻውንም ሳታረጋግጡ የመግባቢያ ሰነድ የፊርማ ቀን ቆርጣችሁ ለጅቡቲ ወገን ደብዳቤ አትላኩ።

አሮጌው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር፤ አሁን ያለው በኤሌክትሪክ የሚሄደው መስመር መደበኛ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መግቢያ ላይ ነው። መንገደኛው የሚሳፈረው ከዚራ ሰፈር ካለው ከአሮጌው ጣቢያ አይደለም። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚገኝ፣ ሻንጣና የኤግዚቢሽን ዕቃ ለያዘ ቡድን ባጃጅ አያዋጣም፤ ሚኒባስ በዋዜማው ተነጋግሮ መያዝ ነው።

ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ ሰው በመጥሪያ ደብዳቤው ላይ በአንድ መልክ፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ መልክ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ደወሌ ድንበር ላይ ይህ የሁሉንም ሰዓት ይበላል። የስም ዝርዝሩ ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል ይገልበጥ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ይያዝ።

የት እንደሚወረድም ከወዲሁ ይታሰብበት። አጋራችሁ የጅቡቲው ዓሊ ሳቢህ ክልል ከሆነ ባቡሩ ከናጋድ በፊት እዚያው ይቆማል፤ ዋና ከተማው ድረስ ሄዶ በመኪና መመለስ ትርፉ ድካም ነው። ለአርታ ክልል ግን ናጋድ ወርዶ በአስፋልት ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ይሻላል።

መዘግየት አለ፣ ምንጩም የታወቀ ነው። ከአዳማ ወዲህ መስመሩ ነጠላ ስለሆነ ከጭነት ባቡር ጋር መተላለፊያ ላይ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ባቡሩ ይቆማል፣ ማቀዝቀዣውም ሊጠፋ ይችላል። ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ይገባሉ። ስለዚህ በደረሳችሁበት ቀን ማታ የእራት ግብዣ እንኳ አትያዙ፤ ፊርማው በማግስቱ ይሁን። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ጉዞውን መተው ነው፤ የጅቡቲ ሙቀት ያኔ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው የሚመቸው።

ከባቡሩ ይልቅ ብዙ ፕሮግራም የሚያበላሸው የሥራ ቀን ነው። ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ታርፋለች፣ እኛ ቅዳሜና እሑድ። ሁለቱም ቢሮ የሚከፈትባቸው ቀናት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት አራቱ ብቻ ናቸው። ባቡሩ በየቀኑ አለመሄዱን ስትጨምሩበት የምርጫው ጠባብነት ይታያል። ስብሰባው ጠዋት ይሁን፤ የሐረርጌ ጫት ከገባ በኋላ ባለሥልጣን ቢሮው ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው፣ በዚህ እነርሱን መውቀስ ደግሞ ለላኪው አገር ሰው አይመችም። ደብዳቤ ላይ ሰዓት ሲጻፍ የእኛ 3 ሰዓት የእነርሱ 9 ሰዓት መሆኑ አይረሳ፤ ቀኑም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፍ።

ማን ይፈርማል የሚለው ሌላው ወጥመድ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት ዓለም አቀፍ ስምምነት መደራደርና ማጽደቅ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው። ድሬዳዋም ሆነ ሐረሪ የሚፈርሙት የመግባቢያ ሰነድ ነው፤ ረቂቁ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስቀድሞ ይቅረብ። በጅቡቲ በኩል በየክልሉ ከመንግሥት የሚሾም ፕሬፌ አለ፣ የክልል ምክር ቤትም አለ። ለአንዱ ብቻ ጽፎ ሌላውን መዝለል ቅሬታ ያመጣል፤ ለሁለቱም ይጻፍ። ሰነዱ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ይዘጋጅ። መስኩ ላይ ግን አስተርጓሚ ሆነው የሚያገለግሉት ሶማሊኛና አፋርኛ የሚናገሩ ባለሙያዎች ናቸው፣ ድሬዳዋ ደግሞ እነዚህ አያጥሯትም።

በጀቱ በብር ብቻ ከተያዘ ይጎድላል። የጅቡቲ ፍራንክ አንድ ዶላር በ177.721 ሒሳብ የታሰረ ነው፤ የብር ምንዛሪ ግን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ነው የሚወሰነው። ውሎ አበሉ በፍራንክ ይሰላ፣ ወደ ብር የሚለወጠው በሚከፈልበት ቀን ይሁን።

የሰነዱ ይዘት ላይ የምናየው ጉድለት «በባህል፣ በቱሪዝምና በኢንቨስትመንት እንተባበራለን» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለቱን አገሮች አሁንም የሚያገናኙ ነገሮች እጅ ላይ አሉ። ከድሬዳዋ የተዘረጋው 230 ኪሎ ቮልት መስመር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ከሀዳጋላ የሚነሳው የውኃ ቧንቧ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ለዓሊ ሳቢህ፣ ለአርታና ለጅቡቲ ከተማ ውኃ ያደርሳል። ሀዳጋላ ያለው ግን ሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ነው። የዞኑ ውኃ ቢሮ በሌለበት ድሬዳዋና ዓሊ ሳቢህ ስለ ውኃ ቢነጋገሩ ወሬ ብቻ ይሆናል፤ ልዑኩ ውስጥ ቢያንስ አንድ መቀመጫ ለእነርሱ ይያዝ። በየስድስት ወሩ ሁለት የፓምፕ ቴክኒሻን መለዋወጥ ከአንድ የባህል ትርዒት ያነሰ ገንዘብ ይወስዳል፣ ውጤቱም ይለካል።

ከሐረር ለሚነሳ ቡድን የመጨረሻው ነገር መንገዱ ነው። ድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የደንገጎ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪናም ይበዛበታል። በባቡሩ ቀን ማለዳ ከሐረር ተነስቶ መድረስ ዕድል መሞከር ነው፤ ድሬዳዋ ማደሩ ይሻላል፣ የአዳሩም ወጪ ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ይግባ።