የካንቺፑራም ሳሪ ወይስ የቫራናሲ? በእጅ የተሸመነ ሐር ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ለሠርግ ወይም ለክብር ስጦታ የሚሆን በእጅ የተሸመነ የሕንድ የሐር ሳሪ ለመግዛት ያሰበ ሰው፣ ምርጫው ብዙውን ጊዜ በሁለት ከተሞች ሥራ መካከል ይሆናል። አንደኛዋ በታሚል ናዱ ግዛት ከቼናይ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ካንቺፑራም ስትሆን፣ ሁለተኛዋ በሰሜን ሕንድ በጋንጅስ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ቫራናሲ፣ በሌላ ስሟ ባናራስ ናት። ሁለቱም ሐርን ከወርቀ ዘቦ ጋር ይሸምናሉ፤ የአሠራር ስልታቸው ግን የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ ገዢ የሚስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል።

የካንቺፑራም ሳሪ ዋና መታወቂያ ሜዳው፣ ማለትም የሳሪው ዋና አካል፣ ከጥለቱ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። እኛ ጥለት የምንለው በነጠላችን ጫፍና ጫፍ ላይ የሚያርፈውን ሲሆን፣ የካንቺፑራሙ ግን በሳሪው ቁመት ግራና ቀኝ ይዘልቃል። ኮርቫይ በሚባለው ነባር ስልት ሥራው በሦስት መወርወሪያ ይካሄዳል፤ አንዱ የሜዳውን፣ ሁለቱ የግራና የቀኝ ጥለቶቹን ማግ ይዘው ይመላለሳሉ፣ በየረድፉም የሜዳው ማግ ከጥለቱ ማግ ጋር ይቆላለፋል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ስለማይወጣው ሸማኔው ከጎኑ ረዳት ያስቀምጣል። የድካሙ ዋጋ የሚታየው በቀለሙ ነው፦ ሜዳው ደማቅ ቀይ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ቢሆን አንዱ በሌላው ላይ ሳያጠላ ጥርት ብሎ ይለያል። በትከሻ ላይ የሚጣለው ጫፍ ሌላ ቀለም እንዲኖረው ሲፈለግም ፔትኒ በሚባለው ስልት አዲሱ ድር ከነባሩ ድር ጋር ይቀጠላል። የሐሩ ክር ወፍራምና በደንብ የተገመደ በመሆኑ ሳሪው ይከብዳል፣ እጥፋቱንም ይዞ ይቆያል። ሜዳው ቢቀደድ እንኳ ጥለቱ አይለቅም ይባልለታል።

የቫራናሲ ሸማኔዎች ጥበብ የሚለካው በአበባው ነው። በሙጋል ነገሥታት ዘመን የዳበሩት የአበባ፣ የሐረግና የቅጠል ንድፎች ዛሬም የከተማዋ መለያ ናቸው፤ ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹም ሙስሊሞች ናቸው። የካንቺፑራሙ ሳሪ በአንጻሩ የቤተ መቅደስ ጉልላትን፣ ጣዎስንና የመሳሰለውን ያዘወትራል። ገዢው በቫራናሲ ሥራ ላይ ከሁሉ በላይ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አበባው ካዱዋ ነው ወይስ ፌክዋ የሚለው ነው። በካዱዋ ስልት እያንዳንዱ አበባ በራሱ ትንሽ ማግ ለብቻው ስለሚሸመን የሳሪው ጀርባ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በፌክዋ ግን ማጉ ከዳር እስከ ዳር ይወረወርና በአበቦቹ መካከል የተንጠለጠለው ክር በኋላ ይቆረጣል፤ ጀርባው ላይ የተቆረጡ ጫፎች ይቀራሉ፣ እየዋለ ሲያድርም ሊተረተሩ ይችላሉ። ካዱዋ ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ ዋጋው ይወደዳል፤ ስለዚህ በካዱዋ ዋጋ ፌክዋ እንዳይሸጥብዎ ሳሪውን ገልብጠው ይዩ።

በእኔ ግምት፣ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለልጅ የሚተላለፍ ሳሪ ለሚፈልግ ካንቺፑራም ይሻላል፤ ምክንያቱም ጥንካሬው በመዋቅሩ ውስጥ ነው። ሙሉ ቀን ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ሰው ግን ክብደቱን አስቀድሞ ያስብበት። ቫራናሲ በዚህ ረገድ ሰፊ ምርጫ ትሰጣለች፦ ካታን የሚባለው የሐር ጨርቅ ጠንከር ያለ ሲሆን፣ ኦርጋንዛና ጆርጀት የሚባሉት ስስ ጨርቆች ቀለል ይላሉ። ከዚህም የቀለለ ለሚፈልግ በማድያ ፕራዴሽ የሚሸመነው፣ ሐርና ጥጥ የተቀላቀለበት ቻንደሪ አለ። የጉጃራቱ የፓታን ፓቶላ ደግሞ ድሩም ማጉም ከመሸመኑ በፊት በንድፉ መሠረት ተቋጥሮ የሚነከር፣ ወራት የሚፈጅና በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ ስለሆነ ዋጋው ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም።

ማጭበርበሩ በሁለቱም ዘንድ አለ፤ በኤሌክትሪክ መሸመኛ የተሠራው በእጅ ሥራ ስም ይሸጣል። የካንቺፑራም ሐር እ.ኤ.አ. በ2005፣ የባናራስ ሳሪ በ2009 የመልክዓ ምድር ስያሜ ጥበቃ፣ ማለትም ስሙ ለቦታው ሥራ ብቻ እንዲውል የሚያደርግ ሕጋዊ ከለላ፣ አግኝተዋል፤ ስያሜው ግን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ራሱን አይጠብቅም። ስለዚህ የሳሪውን ጠርዝ ይመልከቱ፤ በእጅ ሲሸመን ጨርቁን ወጥረው የሚይዙት መርፌዎች የተዋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብዙውን ጊዜ ይታያሉ። ትክክለኛው ዘቦ በሐር ክር ላይ የተጠመጠመ ብር በወርቅ ተለብጦ የሚሠራ በመሆኑ፣ ሲፋቅ ከሥሩ መዳብ ከታየ በብር ዋጋ አይግዙት። ከጠርዙ የተመዘዘች የሐር ክር ስትቃጠል እንደ ፀጉር ትሸታለች፣ አመዷም በጣት ይፈረፍራል፤ ቀልጣ ጠጣር እንክብል ከሆነች ሐር አይደለችም። ሲልክ ማርክ የሚለው መለያ የሚያረጋግጠው የሐሩን ንጽሕና ብቻ ነው፤ በእጅ መሸመኑን የሚመሰክረው ሃንድሉም ማርክ የተባለው ሌላው መለያ ስለሆነ ሁለቱንም ይጠይቁ።