አሞርዛተሩን ሳይሆን ያስገጠመኝን ሰው ልገምግም

ከእቃው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ለትንሿ መኪናዬ የገዛሁት ኮይሎቨር ነው። ሞላውና የመኪናዋን መንቀጥቀጥ የሚያበርደው አሞርዛተር አንድ ላይ ሆነው የሚመጡበት፣ ከፍታው ደግሞ ቱቦው ላይ በተቀረጸው ጥርስ ቀለበት እያዞሩ ከፍ ዝቅ የሚደረግበት ማለት ነው። ከላይ ባለችው ትንሽ ማዞሪያ ጥንካሬው በ32 ደረጃ ይስተካከላል ይላል። እኔ ለይቼ የማውቀው ሦስቱን ነው፤ ለስላሳ፣ ጠንከር ያለ እና ወገብ የሚፈታ። መታጠፊያ ላይ መኪናዋ እንደ ድሮው አትጋደምም። ጉድጓድ ስትገቡ ግን ጥልቀቱን በወገባችሁ ትለካላችሁ። በቃ፣ ጥሩ እቃ ነው።

ነገሩ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። ይህን እቃ ሁለት ጊዜ ነው ያስገጠምኩት።

የመጀመሪያው ጋራዥ ነው። ስሙን አልጠራም። ጠዋት ቁልፉን ሰጠኋቸው፣ ማታ መጥቼ ወሰድኩ። መኪናዋ ዝቅ ብላ፣ ጎማዋ ፓራፋንጎው ስር ገባ ብሎ ሳያት ልቤ ጠፋ፤ ፎቶ አንስቼ ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጉብታ ስሻገር ከፊት በስተግራ "ጓ!" አለ። ሁለተኛው ላይም "ጓ!"። ቀጥ ባለ መንገድ ደግሞ መሪውን ወደ ቀኝ ዘመም አድርጌ ካልያዝኩት መኪናዋ ቀጥ አትልም። በማግስቱ ተመልሼ ብነግራቸው "አዲስ እቃ ነው፣ እስኪላመድ ነው" አሉኝ። አዲስ ሞላ ትንሽ ቁጭ ይላል፣ እሱ እውነት ነው። ጓ የሚል ድምፅ ግን ተላምዶ ሲጠፋ አላየሁም። ሁለት ሳምንት ታገስኩ፣ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ተውኳቸው።

ሁለተኛው ቤት ድረስ የሚመጡ መካኒክ ናቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ምን ዓይነት ሰው መሆናቸው የገባኝ ገና ስልክ ላይ ነው። ዋጋ ሳይናገሩ በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

"መኪናዋ የምትቆምበት መሬት ሲሚንቶ ነው አፈር? ክሪክ ብቻ ነው ያለህ ወይስ ማቆሚያ ብረትም አለ? ማኑዋሉስ? የድሮዎቹን አሞርዛተሮች ጥለሃቸዋል?"

አልጣልኩም፣ ጋራዡ ካርቶን ውስጥ ከትቶ መልሶልኛል አልኳቸው።

"እሰይ! እንዳትነካቸው። ማታውኑ ብሎኖቹ ላይ ሁሉ ዝገት ማላቀቂያ እርጭባቸው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፣ የምትሰራው አንተ ነህ። እኔ አጠገብህ ነኝ።"

አልዋሽም፣ ቅር አለኝ። ከፍዬ ልሰራ?

ከቀጠሯቸው አንድ ሰዓት አርፍደው መጡ። ይህ መጀመሪያ ላይ ያለ ቅሬታዬ ነው። እንደመጡ ግን መኪናዋን ሳይሆን ክሪኩን ነው ያዩት። ማቆሚያ ብረቶቹ ከስር ሳይገቡ፣ መኪናዋ ገፋ ገፋ ተደርጋ እንደማትወዛወዝ ሳይረጋገጥ፣ እጄን ከፓራፋንጎው በታች እንዳሳልፍ አልፈቀዱም። ክሪክ ማንሻ ነው፣ ማቆሚያ አይደለም ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሦስቴ ሳይሉት አልቀሩም።

ጎማውን አወጣሁ። አሞርዛተሩን ከታች የሚይዙትን ሁለት ብሎኖች ልፈታ ስል እጄን ያዙኝ። ከኪሳቸው ነጭ የቀለም እስክሪብቶ አወጡና "ምልክት አድርግ" አሉ። አንዳንድ መኪና ላይ ከሁለቱ ብሎኖች አንደኛው ወገቡ ሙሉ ክብ አይደለም፣ ሲዞር ጎማውን ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ ያጋድለዋል። ቦታውን ሳታዩ ፈትታችሁ በግምት ከመለሳችሁት ጎማችሁ በአንድ ጎኑ ይበላል። የስታቢላይዘሩን (መኪናዋ እንዳትጋደም ግራና ቀኙን የሚያገናኘውን ዘንግ) ሊንክ ደግሞ ከሁለቱም ጎን አስፈቱኝ። በአንድ ጎን ብቻ ከተፈታ ዘንጉ ተጠምዝዞ ይታገላል። የፍሬን ቱቦዋን ከማሰሪያዋ አላቀቅን፣ ጎማ የሚይዘው ብረት ወደ ውጭ ተንጋልሎ ቱቦዋን እንዳይጎትታትም በሽቦ አሰርነው። ጋራዡ ውስጥ ይህ ሁሉ ተደርጎ ይሁን አይሁን አላየሁም፤ እኔ ቡና ስጠጣ ነበር።

አሞርዛተሩ ሲወጣ ጋሼ እንደ ሕፃን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። መነጽራቸውን አደረጉ። ዘንጉ ላይ ያለችውን መከላከያ ጎማ ወደታች ገፉና ዝም አሉ። ከዚያ "ጥፍርህን አንሸራትበት" አሉኝ።

የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ጥፍሬን ሳንሸራትት ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተያዘ። የፒንሳ ጥርስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላይኛው ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ዘንጉ አናት ላይ ባለችው ቀዳዳ የአለን ቁልፍ ከትቶ እሱን ይዞ፣ ዳዶውን በእጅ ማጥበቅ ነው። የቸኮለ ሰው ግን ዘንጉን በፒንሳ ይነክስና በአየር በሚሰራው መፍቻ "ትርርር" ያደርገዋል። ዘንጉ በየጉብታው ማኅተሙ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚዘጋው ጎማ) ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የሚውል ነው፣ አንድ ጭረት ካለበት ማኅተሙን እንደ ሞረድ እየፋቀ ዘይቱን ያስወጣዋል። አዲስ እቃ በአንድ ቀን አረጀ ማለት ነው። የእኔው ግን ተርፏል፤ የተነከሰው ከላይ፣ መከላከያዋ ጎማ የምትቀመጥበት ቦታ ስለሆነ ማኅተሙ ጋ አይደርስም። "እድልህ ነው እንጂ የነሱ ጥንቃቄ አይደለም" አሉ።

ድምፁስ? ካርቶኑን አስመጡኝ። የእኔ ኮይሎቨር ያለ ላይኛው መቀመጫ (ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው) ነው የመጣው፣ መቀመጫው ከድሮው ተፈትቶ ይዛወራል። ካርቶኑን ሲገለብጡት ከድሮው ሞላ ጋር አንዲት ወፍራም፣ ሮንዴላ የምትመስል የብረት ቀለበት መሬት ላይ ኳ ብላ ወደቀች። የቀኙን ፈትተን ብናይ እዚያ እህቷ አለች። በግራው ረስተዋታል። ዳዶው የጠበቀ ይመስላል፣ ግን የጠበቀው ጥርሱ ማለቂያ ላይ ደርሶ ነው፤ መቀመጫው ከታች ክፍት ቦታ ስላለው በየጉብታው ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለት ሳምንት የሰማሁት ጓ ጓ እሱ ነበር። ቀለበቷን በጨርቅ ጠርጌ ራሴ አስገባኋት።

ኮይሎቨር በመሆኑ ከፍታ የሚያስተካክለውን ቀለበት ወደታች ስናወርድ ሞላው ላላ፣ ዳዶውን በሰላም ፈታን። የድሮው ዓይነት ቢሆን የሞላ መጭመቂያ ሳይታሰር ያቺን ዳዶ መንካት አይቻልም። ተጨምቆ የተያዘ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። ይህን ለብቻዬ እሞክረዋለሁ ብላችሁ እንዳታስቡ።

በነገራችን ላይ ይህ የፊት አሰራር በፈጠረው ሰው ስም ማክፈርሰን ይባላል። ኧርል ማክፈርሰን የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ሼቭሮሌ ካዴት ለምትባል ትንሽ መኪና ሲደክም ቆይቶ፣ መኪናዋ ገበያ ሳትወጣ ስትቀር ወደ ፎርድ ሄደ። ቦታ ስለሚቆጥብና ርካሽ ስለሆነ ዛሬ አብዛኛው ትንሽ መኪና ፊቱ እንዲህ ነው። መዘዙ ግን አሞርዛተሩ ከመሪው ጋር አብሮ የሚዞር መሆኑ ነው። ላይኛው መቀመጫ ላይ የተሰራ ስህተት ጉብታ ላይ ብቻ ሳይሆን መሪው ላይም ይሰማችኋል።

የኋላው ቀላል ነው። ሞላው ለብቻው፣ አሞርዛተሩ ለብቻው። እዚያ ጋሼ ያስቆሙኝ አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ የታችኛውን ብሎን ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እንዳላጠብቅ። ብሎኑ የሚያልፈው በጎሚኒ፣ ማለትም በጎማ ቁራጭ መሃል ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትረግጥ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ከስር በክሪክ ደግፈን፣ ቆማ እንደምትሆነው ከፍታ አድርሰን፣ ጋራዡ ያጠበቀውን ሳላላው ጎሚኒው ፍንጥር ብሎ ወደ ቦታው ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። ማጥበቁን ደግሞ የተፈለገው ጥብቀት ላይ ሲደርስ ጠቅ በሚለው በቶርክ መፍቻ፣ ማኑዋሉ ላይ ያለውን ቁጥር እኔ እያነበብኩ።

በመጨረሻ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደረጉኝ። ተከራከርኩ። ለቁመናው ስል ተከራከርኩ። "ና እይ" ብለው ከስር ባትሪ አበሩልኝ፤ ጎማውን ከታች የሚይዘው የብረት ክንድ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ አሞርዛተሩ ለመጨመቅ የቀረው ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም። ክርክሩ እዚያ አለቀ።

ቅሬታዬን ልጨርስ። በጣም ቀርፋፋ ናቸው፣ ሙሉ ቀን ወሰደ። ወሬ ይወዳሉ። የአላይመንት መሣሪያ የላቸውም፤ ከፍታው ሲቀየር የጎማዎቹ አቅጣጫ አብሮ ስለሚቀየር ትንሽ ነድቼ፣ ሞላው ቁጭ ካለ በኋላ ሌላ ቦታ ሄጄ ነው ያስተካከልኩት። መሪው ቀጥ ያለው ያኔ ነው። ለዚያ ለብቻው ከፈልኩ። ቢሆንም ድምሩ ለጋራዡ ካወጣሁት አይበልጥም። እጃችሁን ማቆሸሽ የማትፈልጉ ከሆነ እሳቸው ለእናንተ አይሆኑም። ዳር ቆማችሁ ስልክ ስትነካኩ ካዩ መፍቻ ያስይዟችኋል።

ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። "ብሎኖቹን ደግመህ አየሃቸው?" አላየኋቸውም ነበር። ያንኑ ማታ በስልክ መብራት ከስር ገብቼ የቶርክ መፍቻውን በየተራ ያዝኩባቸው። ሦስቱ ወዲያው ጠቅ አሉ። አራተኛው ሩብ ዙር ያህል ሄደ።