የብየዳ ቤቱ የዶሮ ቤት፦ ብረቱን ግዙ፣ ሽቦውን ግን ቀይሩት

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብየዳ ቤቶች በር ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው የብረት የዶሮ ቤት ግቢው ውስጥ ጥቂት ዶሮ ለሚያረባ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። እንደመጣ ግን ዶሮ ሊያድርበት አይገባም። ቤቱ የሚሠራው ዶሮዋ እንዳትወጣ ታስቦ እንጂ የጎረቤት ውሻ፣ ድመትና ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ታስቦ አይደለም።

እዚህ የምናየው ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነውንና ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ በአራት እግር የሚቆመውን ነው። አጥንቱ ባለ 25 በ25 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ጀርባው ላሜራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊቱና ወለሉ ሽቦ ነው። አጥንቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። መገጣጠሚያው ዙሪያውን የተበየደ ከሆነና ከቀለሙ በፊት ጸረ ዝገት ከተቀባ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ነጥብ ነጥብ ብቻ ተበይዶ ከሆነ ግን ገና በመኪና ሲጫን መላቀቅ ይጀምራል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ እዩ።

ችግሩ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ፊቱ የሚሸፈነው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ በሆነው የተለመደ የዶሮ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ተጠማዘው የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ ይለጠጣል፣ ይበጠሳልም። ውሻ በጥርሱ ይዞ ወደ ኋላ ሲጎትተው ጭንቅላት የሚያስገባ ቀዳዳ ለመክፈት ብዙ አይለፋም። በዚያ ላይ ከኩስ የሚወጣው አሞኒያና እርጥበት መጀመሪያ የሚበላው ጥምዞቹን ነው። ያገለገለ ቤት የምትገዙ ከሆነ ሽቦው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፤ ቡናማ ዱቄት እየረገፈ ቀጭ ካለ ያ ሽቦ አንድ ሌሊት እንኳ አይታመንም።

የቀዳዳው ስፋትም ከጥንካሬው ያልተናነሰ ጣጣ አለው። ሸለምጥማጥ ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ መውጣት የሚችልበት እንስሳ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ካገኘ መግባት እንኳ ሳያስፈልገው እጁን አሾልኮ ሽቦው ላይ ተጠግታ ያንቀላፋችውን ዶሮ ይይዛል። ዶሮ በጨለማ በደንብ ስለማታይ ከቆጧ ተነስታ አትሸሽም። ጠዋት ላይ ገላዋ ሽቦው ሥር ተጣብቆ ጭንቅላቷ ብቻ ከጠፋ የሆነው ይህ ነው። በብዙ ላባ መካከል ሳይበሉ የተጣሉ በርከት ያሉ ዶሮዎች ካገኛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ውሻ ጠርጥሩ። ጫጩት በሌሊት ደብዛው ከጠፋ አይጥን፣ በቀን ከጠፋ ጭልፊትን ወይም ድመትን አስቡ። ድመት ለአቅመ እንቁላል የደረሰች ዶሮን ብዙም አትደፍርም፤ ጫጩትን ግን አትምርም።

ስለዚህ ብየዳ ቤቱን «ፊቱንና ጎኖቹን ያለ ሽቦ ስጠኝ» በሉት፤ አብዛኞቹ ሂሳቡን ቀንሰው ይሰጣሉ። በምትኩ ካሬ ቀዳዳ ያለው፣ መገናኛው የተበየደና ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ግዙ። ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ውፍረቱም ከ1 ሚሊ ሜትር የማያንስ ይሁን። ለዚህ ቤት ፊት 2 ካሬ ሜትር፣ ለሁለቱ ጎኖች የአየር መስኮት 1 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ከ1 ሜትር ወርድ ጥቅል ላይ 3.5 ሜትር ብታስቆርጡ ለመደራረቢያም ይበቃል።

አገጣጠሙ ላይ ሠራተኛው መበየድ ይፈልግ ይሆናል፤ አትፍቀዱለት። ቀጭኑን ሽቦ እሳቱ ይቆርጠዋል፤ ዚንኩም ስለሚቃጠል ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል፤ ጭሱ ደግሞ ለሠራተኛውም ጤና መጥፎ ነው። ሽቦው ከአጥንቱ ውጭ በኩል ይለበጥ፤ ውሻ ሲገፋው ብረቱ ላይ ይደገፋል። ከዚያ ጠፍጣፋ ብረት ከላይ ተደርጎ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ይታሰር። በቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ርካሽ ነው፤ የሚላላውም መጀመሪያ እሱ ነው።

በሩ ሁለተኛው ድክመት ነው። ፋብሪካም ሆነ ብየዳ ቤት የሚያደርገው አንድ መቀርቀሪያ ነው፤ እሱም መሀል ላይ። ከታች ያለውን የበሩን ማዕዘን በእጃችሁ ስትገፉት ወደ ውስጥ ከተለመጠ ውሻም በአፍንጫው ያንኑ ያደርጋል። ከላይና ከታች ሁለት መቀርቀሪያ አስደርጉ፤ የታችኛው በቁልፍ ይዘጋ። ለሌባም ይጠቅማል። በበሩና በመቃኑ መካከል ያለው ክፍተት ትንሿን ጣት የሚያስገባ ከሆነ ከውስጥ ጠፍጣፋ ብረት ይደረግበት።

ጣሪያው ሥር በጀርባ በኩል ለአየር ተብሎ የሚተወው ክፍተት ሽቦ ሳይደረግበት ይሸጣል። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ካለፈለት ገላው ይከተላል። መፍትሔው መድፈን አይደለም፤ ቤቱ ከታፈነ አሞኒያው ተጠራቅሞ ዶሮዎቹን ለመተንፈሻ አካል በሽታ ያጋልጣል፣ በተለይ በክረምት። በዚያው ካሬ ሽቦ ሸፍኑት፤ በቆርቆሮው ሞገድ ሥር ያሉትንም ቀዳዳዎች አትርሱ።

ወለሉ ሽቦ ብቻ ከሆነ ከታች ውሻ የዶሮዎቹን ጣቶች ይነክሳል። የላሜራ ትሪ ከሥሩ ተንሸራቶ እንዲገባ አሠሩ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳጋቱራ ጎዝጉዙበት። ኩሱን ማውጣትም ይቀላል። ቆጡ ከፊት ሽቦው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ለአንዲት ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር የቆጥ ርዝመት ብትሰጧት ባለ 2 ሜትር ሁለት እንጨት ለ12 ዶሮ በደንብ ይበቃል። ሻጩ «25 ይይዛል» ቢላችሁ አትስሙት፤ በካሬ ሜትር ከ6 በላይ ሲታጨቁ ቦታ ያጣችው ሽቦው ጥግ ትተኛለች፣ እዚያ ደግሞ የሸለምጥማጥ እጅ ይጠብቃታል።

ቤቱ ቀላል ስለሆነ ሁለት ትልልቅ ውሾች ተረባርበው ሊያጋድሙት ይችላሉ፤ ከተማ ዳር ከሆናችሁ ጅብም አለ። አራቱን እግሮች 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ በኮንክሪት ያዙ።

በቀን የሚወጡበት አጥር ካለ ከሥሩ የሚቆፍረውን ውሻ የሚያቆመው ጥልቅ መሠረት አይደለም። 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሽቦ ከአጥሩ ሥር ወደ ውጭ መሬት ላይ አንጥፉ፤ አንዱን ጠርዝ ከአጥሩ ጋር እሰሩና በአፈርና በድንጋይ ሸፍኑት። ውሻ የሚቆፍረው ግድግዳው ሥር ተጠግቶ ነው፤ ሽቦ ሲገጥመው ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ መጀመርን አያስብም። ከላይ መረብ መወጠር ደግሞ ከጭልፊት ይከላከላል፤ ጫጩቶች እስኪጠነክሩ ድረስ ያለ መረብ ባይወጡ ይሻላል።

መኖ ማታ ውስጥ አይደር። መኖው አይጥ ይጠራል፣ አይጡ ድመትና ሸለምጥማጥ ይጠራል። ጆንያውን ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ። ዶሮዎቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ገብተው ሁለቱም መቀርቀሪያ ይዘጋ።

መርዝ የተለወሰ ሥጋ ግቢ ዳር መጣልን የሚመክር ሰው አይጠፋም። ፈጽሞ አታድርጉት። ሥጋውን የሚያነሳው የጎረቤት ውሻ፣ የሰፈሩ ድመት ወይም ሕፃን ሊሆን ይችላል፤ የሞተውን የሚበላው ጥንብ አንሳም አብሮ ያልቃል። ውሻው ባለቤት ካለው ሄዶ ማነጋገር ይቀድማል፤ ማታ የሚለቀቅበትን ሰዓት ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

በጀታችሁ ለአንድ ማሻሻያ ብቻ ከበቃ ሽቦውን ቀይሩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን መቀርቀሪያ። ቀለም፣ ጎማና ያማረ የእንቁላል መጣያ ሳጥን ጨምሮ ዋጋ ከሚቆልለው ሞዴል ይልቅ ይህ ተራው ቤት በጥሩ ሽቦ ይበልጣል።